የትምባሆው ነጋዴ ትምህርት ቤትና የእኛ የአረቄ ብር

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ አርሲ ነገሌ፣ በውይይት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)





የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችኋል። ከሪፖርቱ በኋላ ኮሚቴያችን አንድ የመወያያ ንግግር ማቅረቡ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ርዕስ ስንፈልግ ከወጣቶቹ አባሎቻችን አንዷ ተነስታ፣ «ሁልጊዜ ስለ ድህነት ነው የምታወሩት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ከበረ ሰው ንገሩን» አለችን። ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩን ስናስበው ልጅቷ እውነቷን ነው አልን። ባዶ እጁን መጥቶ የከበረ፣ ከብሮም ለሌላው የተረፈ ማን አለ ብለን ጠየቅን። የአንዱን ስም ሌላዋ እየጣለች ብዙ ከተከራከርን በኋላ ምርጫችን ባላሰብነው ሰው ላይ ወደቀ፤ በአርመኖች ላይ።

ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነበር። ከታላላቅ እናቶቻችን አንዷ፣ «የእኔ ሙሽራ ለሠርጋችን ያደረገው ጫማ ዳርማር ነበር፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ትቶ እግሩን ነበር የሚያየው» ብለው አጫወቱን። ወጣቶቹ ዳርማር ምን እንደሆነ አያውቁም። ዳርማር ዛሬ አንበሳ ጫማ የምንለው ፋብሪካ የቀድሞ ስሙ ነው። ያቋቋሙት አርመን ነጋዴዎች ናቸው። እንግዲህ ከዚያ ጫማ ተነስተን ወደ ኋላ ሄድን።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?

አርመኖች የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው ፊደል፣ በጣም የቆየ ቤተ ክርስቲያን ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት እህትማማች ናት። በኢየሩሳሌምም ሁለቱ ለዘመናት ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ብዙዎቹ አርመኖች በቱርክ ኦቶማን መንግሥት ሥር ይኖሩ ነበር፤ በእደ ጥበብና በንግድም የታወቁ ነበሩ።

ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት ትናንት አይደለም። ከ500 ዓመት በፊት ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ስትልክ የላከችው ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነበር። እሌኒ የሃዲያ ልጅ ናት፤ ከእነዚህ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ማዶ ያለው አገር ሰው ማለት ነው። ያ መልእክተኛ በየመንገዱ «ሰላይ ነህ» እየተባለ ተንገላታ፤ ደብዳቤውን ግን አደረሰ። ይህን የምናነሳው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አገርን የሚያህል ጉዳይ ለመጻተኛ ሰው አምና የሰጠች ሴት ነበረች። ሁለተኛ፣ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ የሚጠሩት ወንዶቹ ናቸው። ጫማውን የሰፋው፣ ፎቶውን ያነሳው፣ ዘውዱን ያነጠረው ሁሉ በስም ይታወቃል። ቤቱን ያቆመችው ሴት በስም አትጠራም። እኛ ቤት ማቆም ምን እንደሆነ ስለምናውቅ፣ የወንዶቹን ስም በጠራን ቁጥር ከኋላቸው ያለችውን እንድታስቧት እንለምናችኋለን።

በሙያ የገባ ሰው

በብዛት መምጣት የጀመሩት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የመጡት በሙያቸው ነው። ዲክራን ኤበያን የተባለው ወርቅ አንጥረኛ ነበር፤ ለቤተ መንግሥት ዘውድ ሠርቷል። ቤድሮስ ቦያጂያን ፎቶ አንሺ ነበር። እሱ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ። ቶኒ እየተባለ የሚጠራው ቶርኮም የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበር። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የድሮ መሳፍንትና መኳንንት ፎቶ ብዙው ያለፈው በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው። የጄራሂያን ቤተሰብ ደግሞ አርቲስቲክ ማተሚያ ቤትን አቋቋመ። በዕድሜ የገፋን ሁሉ ከአሮጌ መጽሐፍ ግርጌ ላይ «አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት» የሚል ጽሑፍ አይተናል፤ ማን እንዳቋቋመው ግን ጠይቀን አናውቅም።

ሰርኪስ ተርዚያን የሚባለው ከሁሉም ይልቅ በሕዝብ አፍ የቀረው ነው። ለምኒልክ መሣሪያ በማስመጣት የከበረ ነጋዴ ነበር። በኋላ በእንፋሎት የምትንቀሳቀስ ትልቅ ማሽን ከባሕር ማዶ አስመጣ። ያቺ ማሽን ከምሥራቅ በኩል በረሃውንና ተራራውን እየተጎተተችም እየተንፏቀቀችም አዲስ አበባ ገባች። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አላት። ሐዲድ የላት፣ ፈረስ አይጎትታት፤ ለዚያ ዘመን ሰው ተአምር ነበረች። ኋላ ተበላሽታ ቆመች፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱም መሬት ይዞ አልመጣም፤ ወታደር ይዞም አልመጣም። ከኋላቸው የሚያስፈራ መንግሥት አልነበረም። በዚያ ዘመን ነጭ ሁሉ አገር ሊወስድ ይመጣል ተብሎ በሚፈራበት ጊዜ፣ እነሱ ሊታመኑ የቻሉት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። የያዙት ነገር በእጃቸው ያለ ሙያ ነበር። የመጀመሪያው ቦታውን ሲይዝ ወንድሙን ይጠራል፤ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ ይጠራል። እንግዳው በዘመዱ ሱቅ ሠርቶ ቋንቋ ይለምዳል፤ ከዚያ የራሱን ይከፍታል። ይህን አሠራር እኛም እናውቀዋለን። ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከሸዋ ወደ ነገሌ የመጣን ሁላችን በአንድ ቀድማ በመጣች እህት ወይም አክስት ቤት አድረን ነው ሥራ የለመድነው።

አርባ ልጆች

በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን አገር በአርመኖች ላይ ታላቅ እልቂት ወረደ። ሰው በየመንደሩ ተገደለ፤ የቀረውም በበረሃ እየተነዳ አለቀ። የተረፉ ሕፃናት በየአገሩ ተበተኑ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም ተጠልለው ያድጉ ነበር።

ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እነዚህን ልጆች በሙዚቃ ባንድ ተሰልፈው አገኟቸው። ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በጳጉሜን፣ አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ አይንታብ ከምትባል ከተማ የመጣ። ልጆቹ የመንግሥት የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። ኬቮርክም የንጉሠ ነገሥቱን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ላይ ተዘመረ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ ሙዚቀኞችን እያሠለጠነና እያቀናበረ ኖረ። ዛሬ የምንሰማው ዘመናዊ ሙዚቃችን ከእነዚህ ሰዎች እጅ ብዙ አግኝቷል።

እናት አባቱ የተገደለበት ልጅ ሌላ አገር ገብቶ የዚያን አገር መዝሙር ነፋ። ይህን ስናነብ ከመካከላችን እንባዋ የመጣ ነበረች። ወላጅ የሌለውን የእህቷን ልጅ የምታሳድግ አባላችን ናት። «ልጁ ምን አለው አይባልም፤ ምን ይዞ እንደሚያድግ ማን ያውቃል» አለች። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማቲግ ኬቮርኮፍ

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ማቲግ ኬቮርኮፍ ከቁስጥንጥንያ የመጣ አርመናዊ ነው። በጅቡቲና በአዲስ አበባ ይነግድ ነበር። በጣም የከበረው በትምባሆ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የሠራው ህንፃ ለረጅም ዘመን በስሙ ሲጠራ ኖረ።

ይህ ሰው ሲከብር ምን አደረገ? ከጣልያን ወረራ በፊት ለአዲስ አበባ አርመኖች ልጆች ትምህርት ቤት አሠራ። በስሙ ኬቮርኮፍ ትምህርት ቤት ይባላል። ከዚያ ቀደም ልጆቹ በትናንሽ ቤቶች ተከፋፍለው ይማሩ ነበር፤ አሁን አንድ ደህና ቤት አገኙ። በ1920ዎቹ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። አራራት የሚባል ክበብም አላቸው፤ የሚሰበሰቡበት፣ ሐዘንና ደስታ የሚካፈሉበት። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መሰብሰቢያ ቤት። እኛ ልጅ ማስተማሪያ፣ ቤተ እምነት፣ እድር እንደምንለው ነው።

እዚህ ላይ ኮሚቴያችን ቆሞ ተከራከረ። አንዷ፣ «ትምባሆ ሸጦ ትምህርት ቤት ማሠራት ምን ጽድቅ አለው? በአንድ እጁ ሰው ሳንባ ውስጥ ጢስ ያስገባል፤ በሌላ እጁ ልጅ ያስተምራል» አለች። ሌላዋ መለሰች፦ «ሰርኪስ የሸጠው መሣሪያ ነው። መሣሪያም ይገድላል። አድዋ ላይ ግን ባዶ እጃችንን ብንሆን ምን እንሆን ነበር?» ሦስተኛዋ ዝም ብላ ቆይታ፣ «እኛስ የምንሸጠው ምንድን ነው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ዛሬ እዚህ የቆምነው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

ነገሌ በአረቄ ትታወቃለች። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ በላንጋኖና በሻሸመኔ መካከል ተቀምጠን፣ ስማችን በየአረቄ ቤቱ ይጠራል። መኪናው ጀሪካኑን ጭኖ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ይህን ሥራ የያዝነው ሴቶች ነን። ብቅሉን የምናበቅል እኛ፣ ጌሾውን የምንወቅጥ እኛ፣ ድፍድፉን የምንጠነስስ እኛ፣ ሌሊት ተነስተን እሳት የምናነድ እኛ፣ ውሃ ቀዝቅዞ እንዲወርድ ማቀዝቀዣውን የምንቀይር እኛ ነን። አረቄ የማታወጣው አባላችን እንኳ ወይ ማገዶ ትሸጣለች፣ ወይ እህል ታቀርባለች፣ ወይ አተላውን ገዝታ በሬ ታደልባለች። ነገሌ ውስጥ ከዚህ እሳት ያልሞቀ ቤት ጥቂት ነው።

ይህ እሳት አሳድጎናል። ዛሬ መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር የሆኑ ልጆቻችን ደብተራቸው የተገዛው በአረቄ ብር ነው። ይህን ማንም እንዲያሳፍረን አንፈልግም። ባል የሞተባት ሴት፣ መሬት የሌላት ሴት፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት በማግሥቱ ሥራ የምታገኝበት ሌላ ቤት ማን ከፈተልን?

ግን ሌላውንም እንናገር። ዓይናችንን ጢስ በልቶታል። አንድ ጀሪካን አረቄ ለማውጣት የሚነደውን እንጨት እናውቃለን። ዱሮ ማገዶው ከቅርብ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ዋጋው በየወሩ ይጨምራል። ከሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የወጣው ብዙ እንጨት ያለቀው በእኛ ምድጃ ሥር ነው። ትርፉን ደግሞ የሚወስደው ጭኖ የሚሄደው ነው፤ ለእኛ የሚተርፈው የእንጨቱ ዕዳና አተላው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ አረቄ ያሳደገልን ልጆች አሉ፤ አረቄ የወሰደብን ባሎችና ወንድሞችም አሉ። ሁለቱም የእኛው ናቸው።

ስለዚህ ኬቮርኮፍ ላይ ለመፍረድ የምንቸኩል ሰዎች አይደለንም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። እሱ ከትምባሆው ትምህርት ቤት ቀረለት። ከእኛ አረቄ ምን ይቀራል?

የተወሰደውና ያልተወሰደው

አንድ ነገር አስቀድመን እንጨምር። የአርመኖቹ ሀብት አልዘለቀም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ዳርማር ተወርሶ አንበሳ ሆነ። ማተሚያ ቤቱ ተወረሰ። ኬቮርክ የደረሰው መዝሙርም በሌላ ተተካ። ሰዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አውስትራሊያ ተበተኑ። በደህናው ጊዜ 1,200 ያህል ደርሰው የነበሩት ዛሬ ከ100 በታች ናቸው ይባላል።

ከመወረሱ የተረፈው ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛው ሙያው ነው። ፋብሪካ ይወረሳል፤ ጫማ መስፋት የሚያውቅ እጅ አይወረስም። ሙያቸውን ይዘው የሄዱት በሄዱበት ሠርተው በሉ። ሙያውን ከእነሱ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ እዚሁ ሠርተው በሉ። አንበሳ ጫማ ስሙ ተቀየረ እንጂ ጫማ መስፋቱን አልተወም። ሁለተኛው የጋራ የነበረው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ክበቡ አለ፤ ትምህርት ቤቱ በኬቮርኮፍ ስም ይጠራል። የአንድ ሰው የነበረው አለፈ፤ የሁሉም የሆነው ቆየ።

በዚህ ታሪክ ሁሉም ነገር ለእኛ አይሆንም። እነሱ ቤተ መንግሥት ቅርባቸው ነበር፤ የእኛ ቅርብ ቀበሌ ነው። ኬቮርኮፍ ብቻውን ትምህርት ቤት ማሠራት ይችል ነበር፤ ከእኛ አንዷ ብቻዋን አንድ ክፍል እንኳ መሥራት አትችልም። ፋብሪካዎቹም ሲያድጉ በባለቤቶቹ ገንዘብ ብቻ አላደጉም። የቆዳው ከብት የገበሬው ነው፤ መርፌውን የያዘው ሠራተኛ የአገሩ ልጅ ነው። ዛሬም የእኛ በሬ ቆዳ በባቱና በመቂ በኩል ወደ ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ይሄዳል፤ ጫማ ሆኖ ሲመለስ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ «እነሱ ቻሉ፤ እናንተም ትችላላችሁ» ብለን እንደ ቀላል አንነግራችሁም።

ሐሳባችን

ሐሳባችን ትንሽ ነው፤ ግን ሐሳብ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም።

እንደምታውቁት በየሳምንቱ የምናስቀምጠውን ብር በዓመቱ መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንዲደርስ፣ ሙሉ በሙሉ እንካፈላለን። ለበዓል ሥጋ ይገዛል፣ ልብስ ይገዛል፣ ዕዳ ይከፈላል። መልካም ነው፤ የለፋንበት ነው። በማግሥቱ ግን ሣጥኑ ባዶ ነው። በየዓመቱ ከባዶ እንጀምራለን። ማህበራችን ይህን ያህል ዘመን ሠርቶ «ይህ የማህበሩ ነው» የምንለው የሒሳብ ደብተርና አግዳሚ ወንበሮቹ ብቻ ናቸው።

ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህን ነው። ከክፍፍሉ ከእያንዳንዷ ድርሻ አንድ አሥረኛው በማህበሩ ስም ይቅር። ይህ ብር አይበደር፣ አይከፋፈል። ለሁለት ነገር ብቻ ይዋል። አንደኛው ስምንተኛ ክፍልን አልፈው ወይም ሁለተኛ ደረጃ ደርሰው በቤት ችግር ለሚያቋርጡ ሴት ልጆቻችን። ሁለተኛው ሙያ ለመማር ለምትፈልግ አባል፤ ስፌት ይሁን፣ ማድለብ ይሁን፣ ዳቦ መጋገር ይሁን፣ ራሷ መርጣ ለምትማረው። አረቄውን ነገ ተዉ አንልም። የምትተወዋ ሴት የምትይዘው ነገር እንዲኖራት ነው።

በኮሚቴው ውስጥ የተነሱትን ሁለት ተቃውሞዎች ሳንደብቅ እንነግራችኋለን፤ ምክንያቱም ያነሷቸው እናቶች ክብር ይገባቸዋል።

አንደኛዋ፣ «ያ ሰው ሀብታም ነበር። ከጠገበ በኋላ ሰጠ። እኔ ገና አልጠገብኩም። የሌላ ሰው ልጅ ከማስተማሬ በፊት የራሴን ላብላ» አሉ። እውነት ነው። ለዚህ መልስ የለንም ብንል አናፍርም። አንድ አሥረኛው የሚከብዳት አባል ለኮሚቴው ነግራ ያነሰ ብታስቀምጥ፣ ወይም የዘንድሮውን ብታልፍ፣ ስሟ አይጠራም፤ ማንም አይጠይቃትም። የእሳቸው ልጅ ግን ተራዋ ሲደርስ ከሣጥኑ እኩል ታገኛለች።

ሁለተኛዋ፣ «የአረቄ ብር ለበጎ ሥራ ይሆናል ወይ? እግዚአብሔርስ ይቀበለዋል ወይ?» አሉ። ይህንን እኛ አንመልስም፤ የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ። የምናውቀውን ብቻ እንንገራችሁ። ዘንድሮ ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አለፈች። እናቷ ታመመች። ልጅቷ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ እናቷ ከተነሳችበት ምድጃ ሥር ተቀመጠች። ጎበዝ ናት፤ እጇም ቶሎ ለምዷል። አሁን አረቄዋ ይመሰገናል። ገዢዎቹ «ከእናትሽ ትበልጫለሽ» ይሏታል። እኛ ያንን ምስጋና ስንሰማ ደስ አላለንም። ማንኛችንም የዚያችን ልጅ ቤት አልፈን ስንሄድ ጢሱን እያየን ነው። ሣጥኑ ቢኖረን ኖሮ ለዩኒፎርሟና ለደብተሯ የሚበቃው፣ ለእናቷም ጥቂት ወር የሚሆነው ብር እዚያ ውስጥ ይኖር ነበር። ያልነበረው ተካፍለን ስለጨረስነው ነው።

ለደጋፊዎቻችን

ለተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን ሁለት ቃል አለን። የሰጣችሁን የሥልጠናና የመነሻ ገንዘብ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሪፖርቱን አይታችኋል። እናመሰግናለን። ዛሬ ግን ከእናንተ ብር ለመጠየቅ አልቆምንም። ይህ ሣጥን በእኛ ብር እንዲጀመር እንፈልጋለን። እናንተ ብትሞሉልን የእናንተ ሣጥን ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የአርመኖቹን ትምህርት ቤት ያሠራው ከሩቅ የመጣ ደጋፊ አልነበረም፤ ከራሳቸው መካከል የወጣ ሰው ነው። እኛ ጀምረን ሁለት ዓመት ካቆየነው በኋላ አብራችሁን ብትቆሙ በደስታ እንቀበላለን። እስከዚያው የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ ሒሳብ አያያዝ አስተምሩን። የጋራ ብር የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሌባ አይደለም፤ በደብተር ጉድለት ነው።

የተከበራችሁ እናቶችና እህቶች፤

ዛሬ እጅ አናስወጣም። ተቸኩሎ የተነሳ እጅ ቶሎ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሳምንት በየቡድናችሁ ቁጠባ ስትሰበሰቡ ተወያዩበት። ቡና አፍልታችሁ፣ ሳትፈሩ ተከራከሩ። «እሺ» ያላችሁም «እምቢ» ያላችሁም በየሰብሳቢያችሁ ደብተር ላይ አስመዝግቡ። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁ ይህን ጽሑፍ ያንብቡላችሁ። የዚያች ልጅ እናትም እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች፤ ታሪኩን እንድንናገር የፈቀደችልን እሷ ናት። ከጉባኤው በኋላ ሰላም በሏት።

ምርት የሰጠን፣ ጤና የሰጠን አምላክ የሚቀጥለውን ዓመት በሰላም ያድርሰን።